ስለ ስምንት ክፍት ቦታዎች

ለተከበሩ የኮድ ደረጃና ወጥነት መምሪያ ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ በጠረጴዛዎ ላይ የተቆለለውም ወረቀት ነፋስ የማይነካው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆንኩበትን በኩል ለመዘርዘር ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው። ጊዜዎን ስለምሻማም በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ምንም እንኳ የእኔን ጊዜ ሲሻሙ ኖረው ይቅርታ የመጠየቅ ልማድ በመምሪያዎ ባይኖርም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ በሦስተኛው ፎቅ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ባለው ጠረጴዛ ለሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬ የሆስፒታሎችን የቀጠሮ ፕሮግራም ስጽፍና ስጠግን የኖርኩ ሴት ነኝ። ባልደረቦቼ እትዬ ስምንት ይሉኛል፤ ምክንያቱን ጥቂት ቆይተው ይደርሱበታል። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ለክፋት አይደለም። ሦስት ጊዜ በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎት ነበር፤ የመጀመሪያው የአንቀጾቹ አጀማመር በደረጃው ልክ ገባ አላለም ተብሎ ተመለሰ፣ ሁለተኛው ወዳላሰብኩት ቢሮ ሄዶ ያላሰብኩትን መልስ ይዞ መጣ፣ ሦስተኛው ደግሞ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስለዚህ አራተኛውን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ በሊፍቱ በር ላይ ብለጥፈው ይሻላል ብዬ ነው፤ ሊፍቱ እስኪመጣ ድረስ ሠራተኛው የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋልና።

የምጠይቅዎት ነገር አንድ ብቻ ነው። በራሴ ስክሪን ላይ፣ ለራሴ ዓይን ብቻ፣ የኮዴ መስመሮች በሁለት ክፍት ቦታ ፈንታ በስምንት ገባ ብለው እንዲታዩኝ ይፍቀዱልኝ። ይህ ካልተፈቀደልኝ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ኮድ መጻፍ ትቼ ወደ ምድር ቤት እወርዳለሁ፤ ውሳኔው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት በእጄ ገብቷል።

ለአላፊ አግዳሚው አንባቢ ነገሩ ግልጽ እንዲሆንለት ጥቂት ላብራራ፤ እርስዎ የሚያውቁትን በመድገሜ አይቀየሙኝ። ኮድ ማለት ለኮምፒውተር የሚጻፍ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። አንዱ ትእዛዝ በሌላው ሥር የሚውል ሲሆን ከላይኛው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ተደርጎ ይጻፋል፤ ገባ የሚያደርገውም በመስመሩ መጀመሪያ ላይ የሚተወው ክፍት ቦታ ነው። እኛ በምንጽፍበት ቋንቋ ይህ ገባ ማለት ለጌጥ አይደለም፤ ትርጉሙ ራሱ ነው። መስመሩ ገባ ካለ ይህን የምታደርገው ከላይ ያልኩህ ሲሟላ ብቻ ነው ማለት ሲሆን፣ ወጣ ካለ ደግሞ ምንም ይሁን ምን አድርገው ማለት ነው። የሁለቱ ልዩነት ባዶ ቦታ ነው፤ እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዝ የበላሁት ያንን ባዶ ቦታ በማየት ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ዓይኔ ይከዳኝ ጀመር። ሐኪሙ የሁለቱም ዓይኖቼ መሃል እየደበዘዘ እንደሚሄድ፣ ዳር ዳሩ ግን ለተወሰኑ ዓመታት እንደሚቆይልኝ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ፊደል ማተለቅ ይቻላል፤ ፊደሉ ሲተልቅ ግን መስመሩ ስክሪኑ ላይ አልበቃ እያለ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ደግሞ የገባውና ያልገባው ይደበላለቃል። እኔን የቸገረኝ ፊደሉ አልነበረም። ሁለት ክፍት ቦታ የገባን መስመር ካልገባው መለየት አቃተኝ። አንድ ቅዳሜና እሁድ ከቤት ሳልወጣ ቁጭ ብዬ፣ ሰው ልብሱን በልኩ እንደሚያሰፋ፣ ኮድ የምንጽፍበትን ኤዲተር በዓይኔ ልክ አሰፋሁት። የጻፍኩት ቅንብር አርባ አንድ መስመር ነው። ፋይል ስከፍት እያንዳንዱን የሁለት ክፍት ቦታ እርምጃ በስክሪኔ ላይ የስምንት አድርጎ ያሳየኛል፤ በተከታታይ መስመሮች ላይ ያለውን የእኩል ይሆናል ምልክትም አንዱን ከሌላው ሥር ያሰልፍልኛል። ሴቭ አድርጌ ስዘጋ ደግሞ ሁሉንም እንደነበረ ይመልሰዋል። ከእኔ ጠረጴዛ የወጣ ፋይል ከማንም ጠረጴዛ ከወጣው በአንድ ክፍት ቦታ እንኳ አይለይም ነበር። መስመሩ ሲገባ ለእኔም ይገባኝ ጀመር፤ እትዬ ስምንት የተባልኩትም ከዚያ ወዲህ ነው። ያንን ቅንብር እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው፤ እውነቱን ለመናገር የዓይኔ ብሌን እሱ ነበር።

ቅሬታዎቼን እነሆ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ከመምሪያዎ ለወጣው ባለ ሠላሳ አራት ገጽ መመሪያ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ከሠላሳ አራቱ ገጾች ዘጠኙ ስለ ክፍት ቦታ ብቻ የሚያትቱ ሲሆን፣ ቁጥሩ ሁለት እንዲሆን የተወሰነው አንድ ስለሚያንስና ሦስት ስለሚበዛ መሆኑን በገጽ አሥራ አንድ ላይ አንብቤ ልቤ ረክቷል። ቅር ያለኝ፣ ማንኛውም ሠራተኛ ከሌላው ሠራተኛ የተለየ ነገር በስክሪኑ ላይ ሊያይ አይችልም የሚለው አንቀጽ ነው። ይህ አንቀጽ ከመጻፉ በፊት የሠራተኛው ሁሉ ዓይን አንድ ዓይነት መሆኑ ተጠንቶ ከሆነ፣ በጥናቱ ዕለት እኔን ሳይጠሩኝ ቀርተዋል። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ ለሁሉም ነገር እሺ ስለሚል ጋሼ እሺ የምንለው ሰው፣ መመሪያው እንደ ደረሰው ሳያነብ ፈረመ፤ እኔ አንብቤ አልፈረምኩም። በዓመቱ ግምገማ ላይ እሱ ተባባሪ፣ እኔ አስቸጋሪ ተብለናል። ሁለታችንም የሚገባንን አግኝተናል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛ። መመሪያው ልዩ ፈቃድ በጽሑፍ መጠየቅ እንደሚቻል ስለሚገልጽ፣ ወግ ማዕረጉን ጠብቄ «ስምንት ክፍት ቦታ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ» የሚል ማመልከቻ አስገባሁ። የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ርእሱን አይታ፣ ሌላውን ሳታይ፣ ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር መራችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣልኝ መልስ፣ ለተያዘው ዓመት በእኔ ክፍል ስምንት ክፍት የሥራ ቦታ ለመፍቀድ እንደማይቻል፣ ጥያቄው ግን በሚቀጥለው ዓመት እቅድ እንደሚታይ፣ እስከዚያው ለየቦታው የሚያስፈልገውን የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ዘርዝሬ እንዳቀርብ የሚያሳስብ ነበር። ክቡር ሆይ፣ እኔ የጠየቅኋቸው ክፍት ቦታዎች የትምህርት ደረጃ አይጠየቁም፤ የሥራ ድርሻቸው ባዶ ሆኖ መቀመጥ ብቻ ነው፤ ምንም እንኳ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ለዚህ ሥራ በቂ ልምድ ያላቸው ሰዎች ባይጠፉም። ወርጄ ለሰው ኃይል ኃላፊዋ በአካል ሳስረዳት ሴትየዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ ጥያቄው አንዴ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ እንዲሁ በዋዛ ሊነሳ እንደማይችል፣ ይልቅ ዝም ብዬ ብጠብቅ በራሱ ጊዜ ውድቅ እንደሚሆን መከረችኝ። ምክሯን ተቀብዬ ጠበቅሁ። ውድቅ እንኳ ሳይሆን ቀረ።

ሦስተኛ። የጥገና ባለሙያው አንድ ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ስለ እሱ ክፉ አልናገርም፤ ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና፣ እትዬ፣ እኔ ታዝዤ ነው እንጂ እርስዎን ነክቼ ምን አተርፋለሁ አለኝ። ቅንብሩን ከፍቶ አርባ አንዱንም መስመር ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ሲጨርስ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት የት ተማሩ ብሎ ጠየቀኝ፤ ቸግሮኝ ነው አልኩት። ከዚያ ያጥፉት ወይስ ላጥፋው ብሎ ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋልኝ። ራሴ አጠፋሁት። እሱ የግል ቅንብር የሚያግደውን መቆለፊያ ጫነ፣ በቅጹ ላይ «ተወግዷል» በሚለው ሳጥን ምልክት አደረገ፣ እኔም ፈረምኩለት። ሲሄድ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዴት እንደሠራሁ ማወቅ ከፈለጉ፣ እያንዳንዱ መስመር ከየት እንደሚጀምር ለመለየት ጠቋሚውን መስመሩ መጀመሪያ ላይ አቁሜ የቀስቱን ቁልፍ እየተጫንኩ በጣቴ እቆጥር ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ፊደል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ፊደል። አንድ ሰዓት ይፈጅብኝ የነበረው ሥራ ቀኑን ሙሉ ይፈጅብኝ ጀመር፤ ቤት ስገባ ዓይኔ ቀልቶ፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ ከሰው ጋር መነጋገርም ያስጠላኝ ነበር። አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ፣ ኧረ በቃሽ፣ ጡረታሽን ጠይቂና አርፈሽ ተቀመጪ ትለኛለች። እሷ ምን ታድርግ፣ አዝናልኝ ነው። እኔ ግን ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ይህን በመንግሥት ወረቀት ላይ መጻፍ ያሳፍር ይሆናል፣ ግን እወደዋለሁ።

አራተኛው ቅሬታ ስለ ወንበሬ እግር ነበር። ትቼዋለሁ።

አምስተኛ። በመመሪያው መሠረት «አስተካካይ» የሚባል ፕሮግራም ተዘጋጅቶ፣ የመሥሪያ ቤታችን አራት መቶ አሥራ ሁለት ፋይሎች በአንድ ከሰዓት በኋላ መስመራቸው ተስተካከለ። ለበላይ አካል የተላከው ሪፖርትም አራት መቶ አሥራ ሁለት ፋይሎች ተስተካክለዋል ይል ነበር። መስተካከል በእኛ ቤት መደርደር ነው፤ በበላይ አካል ቤት ደግሞ ተበላሽቶ የነበረ ነገር መቃናት ነው። እናም በሚቀጥለው ሳምንት፣ በአንድ ቀን ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ብልሽቶችን ላስወገደው መምሪያዎ በአዳራሽ ጭብጨባ የምስክር ወረቀት ተበረከተ። እርስዎ ያን ዕለት መድረክ ላይ ወጥተው ወረቀቱን ሲቀበሉ፣ ቃሉን ለማረም አፍዎን የከፈቱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሊያመሰግኑ ነው። የምስክር ወረቀቱ አሁን በመምሪያዎ ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ፍሬሙ ወደ ግራ ትንሽ ጋደል ብሏል፤ በሁለት ክፍት ቦታ ይሁን በሦስት ለመለየት ዓይኔ አላስቻለኝም። ጉዳቱ ሌላ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየፋይሉ አናት ላይ «ተስተካክሏል» የሚል ቃል ስለተጻፈ፣ ቃሉን ያየ ሁሉ ከዚያ በታች ስህተት መፈለግ አስፈላጊ መስሎ አይታየውም።

ስድስተኛ፣ እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፣ ነገሩ ረዘም ይላል።

ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ፣ ቀጠሮ የሚመድበው አሮጌ ፋይል ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው መስመር ገባ ለማድረግ ታብ የሚባለውን ቁልፍ አንዴ ይመታ ነበር፤ እኔ ደግሞ ክፍት ቦታ እየቆጠርኩ ነበር የምጽፈው። የሱም የእኔም ሥራ ለዓይን እኩል ሆኖ ይታያል፤ አስተካካዩ ግን ዓይን ስለሌለው በሱ ታብና በእኔ ክፍት ቦታ መካከል ቁጥሩ ጠፋበትና አንዲት መስመር ከቤቷ አወጣት። መስመሯ ቀጠሮውን ጠዋት አድርግ የምትል ናት። የነበረችውም ታካሚው ከሰባ ዓመት በላይ ከሆነ ከሚለው ሥር ነበር፤ አረጋውያን ከሰዓት በኋላ በፀሐይ እንዳይንገላቱ ብለን ከዓመታት በፊት ያስገባናት ናት። ሁለት ክፍት ቦታ ወጣ ስትል የዕድሜው ነገር ቀረና፣ ሰው ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ጠዋት ተቀጠረ።

አንድ ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በትልቁ ሆስፒታል ከስድስት መቶ በላይ ሰው በአንድ ኮሪደር ተገኘ። ክፍሉ አይቼ እንድመጣ ልኮኝ ስለነበር ያየሁትን ነው የምነግርዎት። ሰልፉ ከምዝገባው መስኮት ተነስቶ በደረጃው ወርዶ በሩ ላይ ደርሶ መንገዱን ይዞ ነበር። አንዲት እናት እግሩ በጄሶ የታሰረ ልጇን አቅፋ ክንዷ ሲዝል ወደ ሌላው ክንዷ ታዛውረዋለች። ሰማንያ የሚሞላቸው ሽማግሌ ወንበር አጥተው የእሳት ማጥፊያው ሳጥን ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መስመሯ የተጻፈችው ለእሳቸው ነበር። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ፣ ዛሬ ደግሞ የታመመው ሁሉ ማልዶ ነው እንዴ የታመመው እያለ ላይ ታች ይላል፤ ሰዉ በመሳቅ ፈንታ ተቆጣው። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሐኪሞቹ በር ከፍተው ባዶ አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ። ረቡዕም።

ሦስት ባለሙያዎች ፋይሉን ከፍተው መረመሩ፤ ሦስቱም አናቱ ላይ «ተስተካክሏል» የሚለውን አንብበው፣ በሁለት ክፍት ቦታ ተጠጋግቶ የተደረደረውን ሁሉ እንደዋዛ ቃኝተው፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ብለው ዘጉት። በዓይናቸው አልፈርድም፤ ዓይናቸው ደህና ነው፤ ደህና ዓይን ያለው ሰው ያየ ይመስለዋል። ሐሙስ ጠዋት አላስቻለኝም። መቆለፊያው የሚያጣራው ኮምፒውተሩ ሲበራ ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበርና፣ በርቶ ሳለ አርባ አንዱን መስመር በቃሌ ጻፍኳቸው። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስለኖርኩ አንዱም አልጠፋኝም። ፋይሉን ከፈትኩ። ከወራት በኋላ የራሴን ኮድ አየሁት፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ በየደረጃው ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ ያቺ መስመር ብቻ በግራ በኩል ዳር ላይ ከቤት እንደወጣ ሰው ቆማለች። ማንም ሊስታት አይችልም ነበር። ወደ ቦታዋ መለስኳት። ነገሩ በሙሉ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ጋሼ እሺ ከጎኔ ሆኖ ያይ ነበር፤ እሺ አላለም፣ እንኳን እግዜር ዓይንሽን አላወጣው አለኝ። እንዲህ ያለ ምርቃት ከዚያ በፊት ተመርቄ አላውቅም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ያስለቀሰኝ ደስታ ነበር፤ ወራቱን ሙሉ የማልረባ ሰው ሆኜ የቀረሁ መስሎኝ ነበርና።

ሰባተኛ። በማግሥቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንድቀርብ ተጠራሁ። ጥፋቶቼ ሁለት ነበሩ፤ የተወገደ የግል ቅንብር መልሼ መጠቀሜና በተስተካከለ ፋይል ውስጥ ያለ መስመር ያለ ቅጽ ማንቀሳቀሴ። ሰልፉ ስለ መቅረቱ በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው፣ የቀጠሮ መጨናነቁ በመምሪያው ክትትል ተስተካክሏል ተብሎ ነው። ቃሉን ሳይ ፈገግ አልኩ፤ ፈገግታዬ ደግሞ የጸጸት አለመኖር ምልክት ተብሎ ተመዘገበ። ከኮድ ሥራ ተነስቼ ምድር ቤት ወዳለው የወረቀት ማኅደር ክፍል እንድዛወር የተወሰነውም ለእኔው ታስቦ ነው፤ ማኅደሮቹ በመደርደሪያ ላይ በሥርዓት ስለተቀመጡ ለዓይኔ ይመቻሉ ተብሏል። ለተደረገልኝ አሳቢነት አመሰግናለሁ። ወርጄ አይቻቸዋለሁ፤ በየማኅደሩ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው በእርሳስ ነው።

የሰው ኃይል አስተዳደርም ፈጣን መሆኑን ያወቅሁት በዚሁ ጉዳይ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በሦስተኛው ፎቅ፣ በቀጠሮ ፕሮግራም ክፍል፣ አንድ ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩ ተለጥፏል። ስምንት ጠይቄ አንድ ተገኘልኝ ማለት ነው፤ እሱም የእኔው ነው።

ክቡር ሆይ፣ ውሳኔው እስከ አርብ በእርስዎ ፊርማ ሊሻር እንደሚችል በመጨረሻው ገጽ ግርጌ በትንሽ ፊደል ተጽፏል፤ እህቴ አንብባልኛለች። ከመቆጣት አልፌያለሁ፤ ለመቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል። ደክሞኛል ብቻ። ዓይኔ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፤ ለዚያ መመሪያ ማውጣት አያስፈልግም። ሐኪሙ ቢበዛ አምስት ዓመት ነው ያለኝ፤ ቢያንስ ስንት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እነዚያን ዓመታት ከማያቸው ነገሮች ሁሉ የምወደውን እያየሁ ልጨርሳቸው ነው የምለው። ከመሥሪያ ቤቱ የሚጎድል የለም፤ ከፋይሉም የሚለወጥ የለም። የምጠይቀው ባዶ ነገር ነው፣ ከአንድ ስክሪን በቀር ማንም የማያየው።

በመጨረሻም፣ ዓይን ላለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት እይታ ለማደል ለደከሙት ድካም፣ የአንቀጾቼን አጀማመር በማስመሪያ ለክተው ለመለሱልኝ ትጋት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያየሁትን ሥራ ሳላየው እንድሰናበተው ላደረጉልኝ ርኅራኄ፣ ከጠረጴዛዬ ተነስቼ፣ ኮቴን ቆልፌ፣ በሙሉ ቁመቴ ቆሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የመምሪያዎ መስመር ሁሉ የቀና፣ ኅዳጉ ሁሉ እኩል፣ ባዶ ቦታውም እንደ ሁልጊዜው የተትረፈረፈ ይሁን።

ለትእዛዝዎ ዘወትር ታዛዥ፣ ለፊርማዎ ዘወትር ጠባቂ፣
እትዬ ስምንት
ከሦስተኛው ፎቅ (እስከ አርብ)

ግልባጭ፦
ለሰው ኃይል አስተዳደር፣ ስምንቱን ክፍት ቦታዎች ከመዝገብ ለመሰረዝ ይረዳቸው ዘንድ፤
ለመዝገብ ቤት፣ ከርእሱ በታች ያለውንም እንድታነብ በትህትና በመለመን፤
ለጋሼ እሺ፤
ለሊፍቱ በር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚቴው በተሰበሰበ ዕለት ያንቀሳቀስኳትን መስመር ለአባላቱ ለማሳየት ብለው የራስዎን ኮምፒውተር ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝተው ፋይሉን ግድግዳው ላይ ከፍተው ነበር። የመምሪያው ኮምፒውተሮች መቆለፊያው እንደማይመለከታቸው ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። አባላቱ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ወረቀታቸውን ሲያዩ፣ እኔ ደግሞ እያንዳንዱ መስመር ያለ አንዳች ችግር ሲታየኝ ግራ ገብቶኝ ነበር። ዓይኔን ስለማላምነው ክፍት ቦታውን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስምንት ሆነ፤ የእኩል ይሆናል ምልክቶቹም ልክ እንደ እኔው ቅንብር አንዱ ከሌላው ሥር ተሰልፈው ነበር። ለኮሚቴው አልተናገርኩም፤ ሰው የዓይኑን ነገር ለምን እንደሚደብቅ ከእኔ የበለጠ የሚረዳዎት የለምና አልቀየምኩዎትም። ነገሩ እየባሰ የሚሄድ ነው፤ ስምንቱም የማይበቃዎት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን አሥራ ሁለት ማድረግ ይቻላል፣ አንድ ቁጥር መለወጥ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ መጥተው ይጠይቁኝ፣ ምድር ቤት ነኝ።